ምጥ ላይ ሳልተኛ መቆየት እፈልጋለሁ፤ እንዴት ልዘጋጅ?

የመጀመሪያዬ_ነው

ሰላም እህቶች፣ ወንድሞችም ካላችሁ። 34ኛ ሳምንቴ ላይ ነኝ፤ የመጀመሪያ ልጄ ናት። አዲስ አበባ ነው ያለሁት፤ የምወልደውም የመንግሥት ሆስፒታል ነው። እስካሁን ክትትሌ ደህና ነው። ግፊትም ስኳርም የለብኝም፤ ጭንቅላቷም ወደ ታች ዞሯል ብለውኛል።

ታላቅ እህቴ ስትወልድ የማህፀን በሯ ገና 4 ሳንቲ ተከፍቶ እያለ አልጋ ላይ ውጪ ተባለች። ከዚያ እስክትገላገል ድረስ በጀርባዋ ነው የቆየችው። ወገቤን ቆረጠኝ፣ ትንሽ ልነሳ ስትላቸው መልሱ "አርፈሽ ተኚ" ነበር። እኔ እስከቻልኩ ድረስ መራመድ፣ መደገፍ፣ መንበርከክ ነው የምፈልገው። ግን ኢንተርኔት ላይ የማየው ቪዲዮ ሁሉ ገንዳ፣ ሻማ፣ ለስላሳ ሙዚቃ ነው። እኛ ጋ አልጋ በአልጋ በሆነ ክፍል ውስጥ ምን ማድረግ ይቻላል? ከአሁኑስ ምን ልለማመድ? ባለቤቴን ብጠይቀው "አታካብጂ፣ ያሉሽን አድርጊ" አለኝ።

ቢኒ_ከገርጂ

ባልሽ ልክ ነው። ስንት ዓመት የተማረ ሰው እያለ ከዩቲዩብ ተምሮ ማማጥ ምን የሚሉት ነው? ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ።

ሰላም_የሁለት_እናት

ቢኒ፣ አንተ አምጠህ ታውቃለህ? እንግዲያው ለዛሬ አድማጭ ሁን። ሃሃሃ።

ሲስተር_ማዋለጃ

እንኳን ለዚህ አደረሰሽ። ሚድዋይፍ ነኝ። ጤና ጣቢያም ሆስፒታልም ሠርቻለሁ፤ አልጋ በአልጋ የሆነውን ክፍል በደንብ አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ። የማህፀን በር እስኪከፈት ባለው ጊዜ መንቀሳቀስ አንድ ነገር ነው። ልጁ ሲወጣ የምትሆኚበት አኳኋን ሌላ ነገር ነው። ሰው ሁለቱን ይደባልቅና ጭቅጭቁ ሁሉ ሁለተኛው ላይ ይሆናል። ትልቁ ትርፍ ያለው ግን መጀመሪያው ላይ ነው። ረጅሙ ሰዓት እሱ ነው፤ ባለሙያም ብዙ የማይከራከርሽ እሱ ላይ ነው።

ቢኒ፣ ነገሩ የዩቲዩብ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የኮክሬን ግምገማ (ኮክሬን የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት ነው) 25 ጥናቶችን፣ ከ5,200 በላይ እናቶችን አንድ ላይ አይቷል። ቆመው፣ ተቀምጠው፣ ተንበርክከው ወይም እየተራመዱ ያማጡት የመጀመሪያው የምጥ ክፍል ከተኙት በአማካይ በ1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ አጥሮላቸዋል። በኦፕራሲዮን የወለዱትም፣ ኤፒዱራል (ከወገብ በታች የሚያደነዝዝ የጀርባ መርፌ) የወሰዱትም ከእነሱ መካከል ያነሱ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ጤነኛ እርግዝና ያላት እናት በምጥ ጊዜ እንድትንቀሳቀስ ትበረታታ ይላል። የመረጠችው ሰው አብሯት ይሁን፣ ምግብና መጠጥ አይከልከላት ይላል። ይኼ የተማረው ሰው የተማረው ነው።

ምክንያቱም ቀላል ነው። በጀርባሽ ስትተኚ ማህፀኑ ከኋላው ያለውን ትልቅ የደም ሥር ይጫነዋል። ወደ ልብሽ የሚመለሰው ደም ይቀንሳል፤ ራስሽን ያዞርሻል፤ ወደ ልጅሽ የሚሄደውም ደም ይቀንሳል። "በግራ ጎንሽ ተኚ" የምንለው ለዚህ ነው። ስትቆሚ ደግሞ የልጅሽ ጭንቅላት የማህፀን በሩን በደንብ ይጫነዋል። የጭራ አጥንትሽም አልጋ ስለማይጫነው ወደ ኋላ እንደልቡ ይለቃል።

ምን ታደርጊያለሽ? ምጡ ሲመጣ ቆም በይ። ግድግዳውን፣ የአልጋውን ጫፍ ወይም የሰው ትከሻ ተደገፊ። ጉልበትሽን አላልተሽ ዳሌሽን አወዛውዢ። ትንፋሽሽን በአፍሽ ቀስ ብለሽ አውጪ። ፋታ ሲሰጥሽ ተራመጂ። ሲደክምሽ ወንበር ላይ ወደ ኋላ ዞረሽ ተቀመጪና ደረትሽን መደገፊያው ላይ ጣይ። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልግሽ አንድ ሜትር ቦታ ነው። ገንዳም ሻማም አያሻም።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። እየተንቀሳቀሱ ማማጥ ማለት ሌሊቱን ሙሉ መቆም ማለት አይደለም። መጀመሪያ ላይ ምጡ መጣ ሄደት ሲል፣ በተለይ ማታ ከሆነ፣ ቤትሽ በጎንሽ ተኚ፤ ብዪ፤ ጠጪ። መመሪያው ራሱ ጠንካራውን ምጥ የሚቆጥረው ከ5 ሳንቲ ጀምሮ ነው። ከ1 ሳንቲ ጀምራ ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ አድራ፣ ግፊ ሲሏት ጉልበት ያጣች ስንት እናት አይቻለሁ።

የመጀመሪያዬ_ነው

ሲስተር፣ እግዜር ይስጥልኝ! እኔ እኮ ከመጀመሪያዋ ቁርጠት ጀምሬ ልዞር ነበር ያሰብኩት። እና ከአሁኑ ምን ልለማመድ?

እማማ_የደሴዋ

ልጄ፣ እኛ ጊዜ ማን ይተኛል? እኔ ሦስቱንም ተንበርክኬ ነው የወለድኳቸው። ሁለት እጄን የቤቱ ምሰሶ ላይ፣ ጎረቤቴ ከኋላ በጉልበቷ ደግፋኝ። ሴቱ ሁሉ ማርያም ማርያም ይላል። ምጡ እምቢ ሲል ተነሽ ወዲያ ወዲህ በይ ነው እንጂ ተኚ የሚልሽ የለም።

ግን በእኛ አትቅኑ። በሦስተኛው እንግዴ ልጁ እምቢ ብሎኝ በቃሬዛ ነው የወሰዱኝ። ደሜ ሊያልቅ ነበር። አዋላጇ ሴትዮ ምን ታድርግ፣ መርፌ የላት። አንቺ እዚያው ሆስፒታልሽ ሁኚና መንበርከኩን እዚያ ተንበርከኪ።

ሰላም_የሁለት_እናት

እማማ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገርዎ ለዚህ ጥያቄ ሙሉ መልስ ናት።

ሲስተር_ማዋለጃ

እማማ ያሉት መርፌ ዛሬ ለእያንዳንዷ ወላድ ይሰጣል። ልጁ እንደወጣ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን። ጤና ጣቢያም አለ፤ የወሊድ አገልግሎቱም በመንግሥት ተቋም በነፃ ነው።

ልምምዱን በተመለከተ ብዙ አታወሳስቢው። በየቀኑ በሚመችሽ ፍጥነት ተራመጂ፤ ማውራት እየቻልሽ የምትሄጂበት ፍጥነት ይበቃል። ሶፋ ላይ ወደ ኋላ ተለጥጠሽ መቀመጥ ቀንሺ። በርጩማ ላይ፣ ቡና እንደምታፈላ ሴት ጉልበትሽን ከፈት አድርገሽ፣ ትንሽ ወደ ፊት አዘንብለሽ ተቀመጪ። የበር ፍሬም ወይም የኩሽና መደርደሪያ ይዘሽ ቁጢጥ ማለት ተለማመጂ። ተረከዝሽ መሬት ካልነካ ፎጣ ጠቅልለሽ ከሥሩ አድርጊ። ጉልበትሽን ወይም ከብልትሽ በላይ ያለውን አጥንት ካመመሽ ተዪው፤ የግድ አይደለም።

በእጅና በጉልበት ሆኖ ጀርባን ማጉበጥና ማላላት ደግሞ ለወገብ ሕመም ተወዳዳሪ የለውም። እናቶቻችን "ወለል እያጠብሽ ልጁን አዙሪው" የሚሉት ነገር አለ። በእርግዝና መጨረሻ እንደዛ መሆን ልጁ ሲወለድ በሚኖረው አቀማመጥ ላይ ለውጥ አላመጣም። በምጥ ጊዜ ግን፣ በተለይ ሕመሙ ሁሉ ወገብ ላይ ሲሆን፣ በእጅና በጉልበት መሆን ሕመሙን እንደሚያስታግስ ተጠንቷል። ስለዚህ ወለሉን ባልሽ ይጠብ፣ አንቺ አኳኋኑን ብቻ ውሰጂ።

ሌላ፣ ሰው በአደባባይ የማያወራው፦ ከ34 እና ከ35 ሳምንት በኋላ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ በታጠበ እጅና በንጹህ የምግብ ዘይት በብልትና በፊንጢጣ መካከል ያለውን ሥጋ ለጥቂት ደቂቃ ማሸት። በተለይ የመጀመሪያ ልጅ ለሚወልዱ በመቀስ የመቀደድንና የመሰፋትን ዕድል ይቀንሳል። ኢንፌክሽን ካለሽ ወይም ደም ካየሽ አታድርጊው።

ሜሪ_ስቶክሆልም

እኔ ሌላውን ጎን ልጨምር፤ ይኼ ክር ኤፒዱራል የወሰደችዋን ሴት እንዳያሸማቅቅ። ስዊድን ነው የወለድኩት። እዚህ ጤነኛ ከሆንሽ ከክትትል እስከ ወሊድ የምታገኚው ሚድዋይፍ ነው፤ ሐኪም ችግር ካለ ነው የሚጠራው። ቁሚ፣ ኳሱ ላይ ተቀመጪ፣ ሻወር ግቢ ይሉሻል። ሁሉንም አደረግኩ፤ ሕመም ማስታገሻውን ጋዝም ሳብኩ። በኋላ ግን አልቻልኩም፤ ኤፒዱራል ወሰድኩ። ከዚያ "አሁን በጎንሽ ተኚ" አሉኝ። ሰነፍኩ ብዬ ተናድጄ ነበር።

በኋላ ሳነብ ልክ ነበሩ። እንግሊዝ አገር ኤፒዱራል የወሰዱ ከ3,000 በላይ የመጀመሪያ ልጅ የሚወልዱ እናቶችን ለሁለት ከፍለው አጥንተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ነው የወጣው። በሚገፉበት ጊዜ ቀጥ ብለው ከቆዩት በራሳቸው ገፍተው የወለዱት 35 በመቶ ናቸው። በጎናቸው ከተኙት ግን 41 በመቶ። በሌሎቹ መሣሪያ ወይም ኦፕራሲዮን አስፈልጓል። እና እህቴ፣ መቆም ሃይማኖት አይደለም። ማደንዘዣ ከወሰድሽ ጎንሽ ላይ ተኚና እረፊ።

ሲስተር_ማዋለጃ

ሜሪ ያለችው ትክክል ነው። በጎን መተኛት በጀርባ መተኛት አይደለም። ኤፒዱራል ለሌላትም፣ አልጋ ላይ ሁኚ ለተባለችም ጥሩው ማስታረቂያ እሱ ነው።

አባ_ናቲ

ባል ነኝ፤ ልናገር ይፈቀድልኝ። እኔ ብዙ አንብቤ፣ ወገቧን እንዴት እንደምጫን ተለማምጄ ሄድኩ። ጥበቃው በሩ ላይ አስቀረኝ። ክፍሉ የብዙ እናቶች ስለሆነ ወንድ አይገባም። ለሌሎቹ እናቶች ሲባል ስለሆነ አልፈረድኩም፤ ግን የተማርኩት ሁሉ አጥሩ ውጪ ቀረ።

ስለዚህ ለባልሽ ይኼን በይልኝ። የአንተ ሥራ ቤት ውስጥ ነው። ወደ ሆስፒታል ከመሄዳችሁ በፊት ያሉት ሰዓቶች ያንተ ናቸው። እሷ ጠረጴዛ ተደግፋ ስትቆም ከመቀመጫዋ በላይ ያለውን ጠፍጣፋ አጥንት በመዳፍህ አጥብቀህ ተጫን። እሷ "በርታ" ካለችህ በርታ። አንገትህ ላይ ስትንጠለጠል ዝም ብለህ ቁም፤ ቀልድ አትናገር። እኔ ተናግሬ አይቻለሁ።

ደግሞ ቀድማችሁ ጠይቁ። ሴት አጃቢ የሚያስገቡ አሉ። እህቷ ወይም እናቷ ትግባና እሷን አስተምሯት።

ቢኒ_ከገርጂ

ይኼስ ያስማማል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ለክርክር አይደለም። ይኼ ሁሉ እውነት ከሆነ ለምን ዓለም ሁሉ አስተኝቶ ያዋልዳል?

መጽሐፍ_ቆጣሪ

ቢኒ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ብዙ ጊዜ ስሙ የሚነሳው ፍራንሷ ሞሪሶ የሚባል የፓሪስ ሐኪም ነው። በ17ኛው መቶ ዘመን አልጋ ላይ ጋደም ብሎ መውለድን መክሯል። ከዚያ ልጁን ጎትቶ ማውጫ መሣሪያው፣ በኋላም ማደንዘዣው መጣ፤ ለሁለቱም የተኛች ሴት ትመቻለች። ማለትም አልጋው የመጣው ለሚያዋልደው ሰው እጅና ዓይን ነው። በአንጻሩ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982 ለንደን ውስጥ ጃኔት ባላስካስ የምትባል የወሊድ አሠልጣኝና ብዙ ሺህ ሴቶች እንደፈለግን ሆነን እንውለድ ብለው ሰልፍ ወጥተዋል። አስቡት፣ እማማ ደሴ ላይ በነፃ ያገኙትን ነገር በሰልፍ ሲጠይቁ።

እማማ_የደሴዋ

ምነው በጠሩኝ ኖሮ።

ቤቲ_ሜሪላንድ

ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት። የመጀመሪያውን በኦፕራሲዮን ነው የወለድኩት፤ ሁለተኛውን በምጥ ሞከርኩ። የድሮው ስፌት ስላለ የልጁ የልብ ምት ያለማቋረጥ መታየት አለበት አሉኝ። ቀበቶ ታስሮብኝ አልጋ ላይ ልቀር ነው ብዬ ነበር። ነርሷን ገመድ አልባ የለም ወይ አልኳት፤ ነበር! ያልጠየቀ አያገኝም ማለት ነው። ሽቦ ያለውም ቢሆን ከአልጋው አጠገብ ያቆማል፤ ሽቦው እስከሚደርስ ነው።

እንደኔ በኦፕራሲዮን የወለዳችሁ ግን ቤት ውስጥ እያማጣችሁ አትቆዩ። ይኼን ሐኪሜ ደጋግማ ነው የነገረችኝ። ቶሎ ሂዱ።

የመጀመሪያዬ_ነው

እሺ፣ የምገፋበት ሰዓትስ? እሱ ላይ ተስፋ ልቁረጥ?

ሲስተር_ማዋለጃ

ተስፋ አትቁረጪ፤ ግን እውነቱን ልንገርሽ። ብዙ ቦታ አልጋው እግር መስቀያ ያለው ነው፤ ባለሙያውም የተማረው በዚያ ነው። አንዳንዷ ሚድዋይፍ ተንበርክካ የምትወልድ እናት ተቀብላ አታውቅም። ባለሙያዋ የማትችለውን ነገር በዚያች ደቂቃ ልታስተምሪያት አትችዪም። ስለዚህ ደረጃ በደረጃ ጠይቂ።

መጀመሪያ "ሲስተር፣ ተንበርክኬ ብገፋ ይቻላል?" በያት። አልጋው ላይ ሆነሽ፣ ራስጌው ቀና ብሎ፣ እሱን አቅፈሽ። ካልሆነ በግራ ጎንሽ፣ ላይኛውን እግርሽን አጃቢሽ ወይም ራስሽ ይዘሽ። እሱም ካልሆነ ራስጌው ከፍ ይበልልሽና በከፊል ተቀመጪ፤ እግርሽ ባይሰቀል ደስ እንደሚልሽ ንገሪያት። ከሦስቱ አንዱን ትሰጥሻለች።

ጥቅሙም ጉዳቱም ይኸው፦ ኤፒዱራል ሳይወስዱ ቀጥ ብለው የገፉ እናቶች በመቀስ መቀደድና በመሣሪያ መጎተት ይቀንስላቸዋል። በሌላ በኩል ከ500 ሚሊ ሊትር በላይ የደም መፍሰስ በእነሱ ላይ በዛ ብሎ ታይቷል። ደም ማነስ ካለብሽ ይኼ ለአንቺ ቀልድ አይደለም። የብረት ክኒንሽን ጨርሺ፤ የደም ምርመራሽንም ውጤት ጠይቂ።

ስለ ልብ ምት ማዳመጥ ደግሞ፦ ምጡ ሲጠና በየ15 እና በየ30 ደቂቃው መካከል፣ ስትገፊ በየ5 ደቂቃው ይደመጣል። ይኼ የግድ ነው፤ አትከልክያት። ቆመሽም በመሣሪያ ይደመጣል። ተኚ ካለችሽ ተኚላትና ስትጨርስ "አሁን ልነሳ?" በያት። ትሑት ሆነሽ፣ አጭር ዓረፍተ ነገር፣ በሁለት ምጥ መካከል። በምጡ ላይ ሆነሽ ከተጯጯህሽ ማንም አይሰማሽም።

ሰላም_የሁለት_እናት

ሲስተር፣ መንቀሳቀስ የማይገባው መቼ እንደሆነም ንገሪያት እንጂ። እኔ ሽርት ውሃዬ ፈሶ እየተራመድኩ ስሄድ ጮሁብኝ።

ሲስተር_ማዋለጃ

ትክክል ጮኸዋል። ሽርት ውሃው ፈሶ የልጁ ጭንቅላት ገና ከላይ ተንሳፍፎ ከሆነ እትብቱ ቀድሞ ሊወርድ ይችላል። እስክትመረመሪ ድረስ አትዙሪ። ጭንቅላቱ ወርዶ ገጥሟል ካሉሽ በኋላ መራመድ ትችያለሽ። እትብት የመሰለ ነገር ከወጣ ደግሞ ወዲያው በጉልበትሽና በደረትሽ ተደፊ፣ መቀመጫሽ ከፍ ይበል፣ በዚያው ሁኔታ ይውሰዱሽ።

ደም ከፈሰሰ፣ ኃይለኛ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ካለ፣ ውሃው አረንጓዴ ከሆነ፣ ልጁ መንቀሳቀሱን ከቀነሰ፣ ያን ጊዜ ስለ አኳኋን አናወራም፤ መኪና ነው የምንፈልገው። ሆስፒታልም ገብተሽ የልብ ምቱ ካላማረን፣ ወይም ለግፊት የማግኒዥየም መድኃኒት ከጀመርን፣ አልጋ ላይ ሁኚ እንልሻለን። ያኔ ምክንያቱን ጠይቂና እሺ በይ።

የምጥ መርፌ በግሉኮስ ከተሰካልሽም መንቀሳቀስ ሙሉ በሙሉ አይከለከልም። መስቀያውን ይዞ ከአልጋው አጠገብ መቆም ይቻላል። ባለሙያዋን አስፈቅጂ።

ጥሩዬ_22

ተልባስ? አማቴ ከ9ኛ ወር ጀምሮ ጠጪ፣ ያንሸራትተዋል እያለችኝ ነው።

ሲስተር_ማዋለጃ

ተልባው የሚሄደው አንጀት ውስጥ ነው፣ ልጁ ያለው ማህፀን ውስጥ። ለድርቀት ይጠቅምሻል፤ ለአማትሽም ደስታ ጠጪላት። ምጥ ያመጣል ተብሎ የሚሰጥ ሥራ ሥርና ቅጠል ግን በአፍሽ እንዳይዞር። ስንት እንደጠጣሽ አናውቅ፣ ማህፀኑን እንዴት እንደሚያደርገው አናውቅ።

የመጀመሪያዬ_ነው

ዛሬ ክትትል ነበረኝ፤ ላሳውቃችሁ። እንዳላችሁት አጭር አድርጌ ጠየቅኩ። ሚድዋይፏ ሳቀችና "ማን ነው ይኼን የነገረሽ?" አለችኝ። ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። እስክገፋ ድረስ አልጋዬ አጠገብ መቆምና ኮሪደሩ ላይ መራመድ ይፈቀዳል። ሴት አጃቢ አንድ ትገባለች፤ ስለዚህ እህቴ ናት የምትገባው። መንበርከክ ላይ "ተረኛዋን ጠይቂ" አለች፤ በጎን ግን ችግር የለውም ብላኛለች። ሄሞግሎቢኔም ደህና ነው።

ባለቤቴ የአባ ናቲን ጽሑፍ አነበበ። ከትናንት ጀምሮ ወገቤን ካልተጫንኩ እያለ አስቸግሮኛል።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፦ ትልቁን የጂም ኳስ ልግዛ? የትኛውን ልክ?

ሲስተር_ማዋለጃ

ጎበዝ! ቤት ልትጠቀሚበት ከሆነ ደስ ይላል፤ በርጩማና ትራስ ካለሽ ግን የግድ አይደለም። ከገዛሽ ለመካከለኛ ቁመት 65 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፤ ረጅም ከሆንሽ 75። ስትቀመጪበት ዳሌሽ ከጉልበትሽ ትንሽ ከፍ ማለት አለበት። ዝቅ ካለ ወይ ትንሽ ነው ወይ አየሩ አልሞላም። እንዳይፈነዳ የሚል ምልክት ያለውን ምረጪ፤ ምንጣፍ ላይ አድርጊው፤ መጀመሪያ ላይ ሰው ይያዝሽ።

ሆስፒታል ግን ይዘሽ አትምጪ፤ ማስቀመጫ የለንም። በእሱ ፈንታ ቦርሳሽ ውስጥ የማያንሸራትት ነጠላ ጫማ፣ ለመንበርከክ ወፍራም ጋቢ፣ የሚጠጣ ነገርና ለእህትሽ የሚበላ ጨምሪ። አጃቢዎች ሳይበሉ ይመጡና ራሳቸውን ስተው እነሱን ማንሳት ሌላ ሥራ ይሆንብናል።